የጡብ ዱቄትና የዳስ ባላ

የወረታን ጡብ ማቃጠያ የሚያውቅ ሰው ከእቶኑ ጀርባ የነበረውን ቀይ ክምር ያስታውሰዋል። እሳት የሰነጠቀው፣ ከጋሪ ሲወርድ የተሰበረው፣ ጫፉ የተሸረፈው ጡብ ሁሉ የሚጣለው እዚያ ነበር። በክረምት ከክምሩ ሥር የሚወጣው ውኃ እስከ መንገዱ ድረስ ቀልቶ ይወርዳል፤ በበጋ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ዱቄቱ ከገበያ የሚመለሱትን ሴቶች ነጠላ ያቀላዋል። ባለቤቱ የሚያነሣለት ሰው ቢያገኝ ደስ ባለው፤ ነገር ግን ማን ምን ሊያደርገው ይወስደዋል? አባቴ ብቻ በአህያ እየጫነ መውሰድ ጀመረ።

አባቴ ግንበኛ ነበር። የመኪናው መንገድ ሲሠራ ከሠራተኞቹ ሰፈር ገብቶ የውኃ ማሳለፊያዎችን ይገነባ ነበር፤ እኔም ትከሻዬ ከጠና ወዲህ ከእሱ አልተለየሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከደብራችን ነው፤ ዳዊት ሳልደግም ተውኩት። ልክ አወሳሰድን፣ የብረት አጣጣልን፣ የአሸዋ መረጣን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። እያየሁ፣ ሰው ዘወር ሲል እየነካሁ፣ ሲበላሽም ለምን እንደተበላሸ ለብቻዬ እያሰብኩ ነው የያዝኩት። አባቴም እንዲሁ ነበር። ሁለታችንም ቃል አናበዛም፤ እናቴ «እናንተ ሁለታችሁ ስትገቡ ቤቱ ሰው የጨመረ አይመስለኝም» ትለን ነበር።

መንደራችን ከመኪናው መንገድ በስተምዕራብ፣ ወደ ጣና በኩል፣ ከአንዲት ወንዝ ማዶ ነው። ወንዟ በበጋ ጥጃ የሚሻገራት ናት። የፎገራ ሜዳ በሙሉ ውኃ የሚለብሰው ነሐሴ ላይ ነው፤ ወንዟ ግን ከሰኔ ጀምራ ሰው አታሳልፍም። ዳርና ዳሯ ጥቁር አፈር ስለሆነ እየተናደ እግር አይቆምበትም።

ታላቅ እኅቴ የሞተችው በሐምሌ፣ ከዚያ ዳር ላይ ነው። ምጧ ጠንቶ አዋላጆቹ እጃቸውን ሲያጥፉ በቃሬዛ አድርገን ከወንዙ አደረስናት። ከማዶ፣ ከመንገዱ ላይ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት የጭነት መኪና ቆሞ ይታየን ነበር፤ ሾፌሩ ሰው ጮሆ ነግሮት ይጠብቃል። ታንኳ እንዲያመጡልን ወደ ሐይቁ ሰው ልከናል። አባቴ ከወገቡ ላይ ገመድ አሥሮ ገባ። ውኃው ከደረቱ ሲደርስ መሬቱ ከዳውና ጎትተን አወጣነው። እንደገና ገባ። ታንኳው ሳይደርስ እኅቴ ከቃሬዛዋ ላይ ዐረፈች፤ ልጇም ሳይወለድ አብሯት ሄደ። ሾፌሩ ጥቂት ቆየና መኪናውን አስነሥቶ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ስለ እኅቴ ሲያወራ አልሰማሁም። ስለ ወንዟ ግን ያወራ ነበር፤ በየት በኩል እንደምትጠብ፣ የትኛው ዳሯ እንደማይናድ፣ ነሐሴ ላይ ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ። በመስከረም ውኃው ሲጎድል ከደረሰበት ላይ ካስማ ተክሎ ምልክት አደረገ። መኪና የሚያሳልፍ ድልድይ አልነበረም የፈለገው። ስፋቱን ሲለካ የእኅቴን ቃሬዛ ከመሬት አጋድሞ፣ ከግራና ከቀኝ የተሸካሚ ትከሻ ጨምሮ ነው የለካው። ለምን እንደሆነ እኔ አልጠየቅኩትም።

የእኅቴ ባል ግን ይጠይቀው ነበር። እሱ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ስለዚህም ነው ይህን መጻፍ የቻልኩት። እሷ ከሞተች በኋላ ሌላ ሚስት አላገባም፤ ምሳውንም ራቱንም ከእኛ ጋር ይበላ ነበር። ከመንገዱ ሥራ ሰፈር ስሚንቶ ሲያቦካ የኖረ፣ ጉልበቱ የማይደክም፣ አፉም የማያርፍ ሰው ነበር። እኛ ቤት ውስጥ ሲስቅ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው፤ ኋላ ኋላ እሱም እየቀነሰ መጣ።

ሰፈሩ ሲነሣ አለቃው የተረፈውን ስሚንቶና ቁርጥራጭ ብረት ለአባቴ ሰጠው። ስሚንቶው ከፊሉ እርጥበት አግኝቶ ከከረጢቱ ውስጥ ደንጊያ ሆኖ ነበር። ደህናውን በወንፊት ነፍተን ለየነው። በአንድ በጋ ከምሥራቁ ኮረብታዎች በአህያ ደንጊያ አመላልሰን በሁለቱም ዳር መሠረቱንና ግንቡን አቆምን። ለወለሉ፣ ሠራተኞቹ ሶሌታ ለሚሉት ማለቴ ነው፣ የቀረው ስሚንቶ ግን አይበቃም ነበር። አባቴ ሰፍሮ ሲጨርስ ከጆንያው አጠገብ ቁጭ ብሎ ቆየ። «ሩብ ያህል ይጎድላል» አለኝ።

የጎደለውን አሸዋ አብዝቶ መሙላት ይቻል ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ያንን ነው። አባቴ ግን ከነገሥታቱ ዘመን የቀረ አንድ ፍራሽ ግንብ ያውቅ ነበር። ኖራው ውስጥ የገል ስብርባሪና ቀይ ዱቄት አለበት፤ ከዚያ ግንብ ላይ ደንጊያ ለመንቀል የሞከረ ሁሉ ዲጂኖውን አጥፎ ነው የሚመለስ። «እነሱ ለኖራው ያደረጉትን እኛ ለስሚንቶው ብናደርግስ?» አለ። ቀዩን ክምር ያስታወሰው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ግን የሞከርነው የእቶኑን አመድ ነበር፤ የተዘጋጀ ዱቄት ስለሆነ መውቀጥ አያስፈልገውም። ከትንሽ የጣውላ ሣጥን ውስጥ ጠፍጥፈን እንደ ጡብ አወጣነው። ሲደርቅ ነጭ ነገር ላዩ ላይ አበበና በጥፍር ሲነካ ይረግፍ ጀመር። አመዱን ተውነው። ከዚያ የተሰበረውን ጡብ ወቀጥን። ያልበሰለው፣ መሐሉ ጥቁር የሆነው ጡብ ዱቄቱ ጭቃ ይሆናል፤ እሱን መለየት ነበረብን። በደንብ የበሰለውን ብቻ መርጠን፣ ወቅጠን፣ በወንፊት ነፍተን፣ እንደገና በሻሽ አጥልለን፣ ከሦስት ቁና ስሚንቶ ላይ አንድ ቁና አደረግንበት።

ለዚህ ሁሉ እናቴ ሙቀጫዋን ሰጠችን። ጎረቤቶች ከደጃችን ሲያልፉ የቀላውን ዘነዘና እያዩ መሣቅ ጀመሩ።

«እትዬ፣ ዘንድሮ በርበሬው ተትረፍርፎላችኋል» አለቻት አንዲት ጎረቤት።

«ነይ ቅመሽው» አለች እናቴ ቀና ሳትል። «ጥርስሽ ከቻለው።»

«ለማን ነው ወጡ?»

«ለወንዟ። እሷ ስንቱን በልታ አልጠገበች።»

ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አልሣቀችም። በማግሥቱ የራሷን ሙቀጫ ይዛ መጣች።

ከንጹሕ ስሚንቶ አንድ ጡብ፣ ቀዩ ከገባበት አንድ ጡብ እያደረግን ጠፍጥፈን በእርጥብ ጭድ ሸፈንናቸው። በሳምንቱ አንዱን ጥንድ አውጥተን ከላይ ደንጊያ ለቀቅንባቸው። ንጹሑ ጠርዙ ብቻ ተነካ፤ ቀዩ ግን ለሁለት ተሰነጠቀ። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። አባቴ ስባሪውን ወደ ብርሃን እያዞረ ሲያየው ቆየና «የቀሩትን አትንካቸው፤ ውኃ ብቻ አጠጣቸው» አለኝ። ከወር በላይ ቆይተን ሁለተኛውን ጥንድ ስንሞክር ልዩነት አልነበራቸውም። ቀዩ እንዲያውም ጠርዙ አልረገፈም። አባቴ ያን ዕለት በሥራ ሰዓት ቁጭ አለ፤ ያ ለእሱ ደስታ ነበር።

«ይኼ እንደ ዘገየ ልጅ ነው» አለኝ። «አፉን የሚፈታው ቆይቶ ነው፤ ከፈታ በኋላ ግን ይናገራል። ድጋፉ እስከ ሰኔ ከሥሩ አይወጣም።»

ድጋፍ የሚባለው እንጨት ነው። የፈሰሰው ስሚንቶ እስኪጠና ከሥሩ ጣውላ፣ ከጣውላውም ሥር የሚሸከም ባላ ያስፈልጋል። ፎገራ ላይ ደግሞ እንጨት የለም። ሜዳው ሣርና ከብት ነው፤ ለቤት መሥሪያ እንኳ አንድ ባላ ከይፋግ ገበያ ተገዝቶ በትከሻ ነው የሚመጣ። ሰው ቤቱን ሲያፈርስ ምሰሶውን ለልጁ የሚያወርስበት አገር ነው። በአንድ ቦታ ብዙ ባላ የሚገኘው ከደብሩ ቅጥር ግቢ፣ ከጥጉ ላይ ብቻ ነበር፤ የሰበካው የዳስ እንጨት። ሰው ሲሞት ከዚያ ይወጣል፣ ለቀስተኛው የሚቀመጥበት ዳስ ይጣልበታል፣ ለቅሶው ሲያበቃ ይመለሳል። ከዚያ ውጭ ማንም አይነካውም።

አባቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ለመነ። ቄሱ ከዋርካው ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

«እስከ መቼ ነው የምትፈልገው?» አሉት።

«ክረምቱ እስኪገባ፣ አባ።»

«እስከዚያ ሰው ቢሞትስ?»

አንድ ሽማግሌ ቀድሞ «እንግዲህ ማንም እንዳይሞት አዋጅ ይነገር» አለ።

«እኔ ብሞትስ?» አለ ከጎኑ ያለው፤ ዕድሜው ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

«አንተማ ልሞት ነው ልሞት ነው እያልክ ያን ባላ ስታስጠብቀው የኖርክ ነህ። አንድ ክረምት ብትጨምር ምን ይጎድልብሃል?»

ሁሉም ሣቁ፤ ሽማግሌውም ሣቀ። ቄሱ ግን ሣቃቸውን ገታ አድርገው «ይሁን፤ ድልድዩም የሁላችን ነው። ሰው የሞተ እንደሆነ ግን ዳሱ አይቀርም። የክርስቲያን ሬሳ ያለ ዳስ አይለቀስም» አሉ።

«ሰው የሞተ እንደሆነ እኔ ራሴ በሌላ እየተካሁ አወጣላችኋለሁ» አለ አባቴ። «እኔ ሳልኖር ብቻ አትንኩት።»

በዚህ ተስማሙ።

ወለሉን ያፈሰስነው በሚያዝያ መጨረሻ፣ በደቦ ነው። ሴቶቹ ውኃ በእንስራ ያመላልሱ ነበር፤ ወንዶቹ ከጣውላ ላይ ያቦካሉ፤ አባቴ ቁናውን ከእጁ ሳይለቅ ሦስቱን ግራጫ፣ አንዱን ቀይ እየሰፈረ ያቀብላል። የእኅቴ ባል የአምስት ሰው ሥራ ሠራ። ቀዩ ዱቄት ሲገባ እያየ «አባዬ፣ ይኼ እንግዲህ ለማብዣ ነው?» አለው።

«ለማብዣም ነው» አለ አባቴ።

ያን ያህል ብቻ ነበር የተነጋገሩት። አባቴ ድጋፉ እስከ ሰኔ እንደሚቆይ ለሁሉም ተናግሯል፤ ለምን እንደሚቆይ ግን አልተናገረም። ሰው የማይጠይቀውን አይናገርም ነበር። የሰሙትም የእሱ የተለመደ ጥንቃቄ መሰላቸው፤ ከቤቱ በር ሲወጣ እንኳ መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ የሚነካ ሰው ነበርና።

ወለሉን በእርጥብ ጭድና በደንገል ሸፈንነው። ጠዋትና ማታ ውኃ እናጠጣዋለን። ያላሰብነው ነገር ቢኖር ከብቱን ነበር። በዚያ ወቅት ሜዳው ደርቆ ከብቱ የሚግጠው የለውም፤ እርጥብ ጭድ ከሩቅ ይሸተዋል። በመጀመሪያው ሌሊት በሬዎች መጥተው ከዳር ያለውን ጭድ በልተው፣ ገና ባልጠነከረው ላይ ኮቴያቸውን አትመው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ከወንዙ ዳር ማደር ጀመረ። እኔ ልደርበት ስለው «አንተ ቀን ትሠራለህ» ይለኛል። ከቀሩት ኩሬዎች የሚነሣው ትንኝ እንደ ጭስ ነው። ንዳዱ የያዘው እዚያ ነው።

ወለሉ በፈሰሰ በሁለተኛው ሳምንት ሲብስበት ተሸክመን ወደ ቤት አመጣነው። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጋቢውን፣ የእኔን ጋቢ፣ የእናቴን ኩታ ደራርበንለት አልሞቀውም። ለብቻችን ስንሆን «ጭዱ ረጥቧል?» ይለኛል። «ረጥቧል» እለዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይጠይቀኛል። ንዳዱ ወደ ራሱ ሲወጣ ደግሞ ከሽፋኑ እየወጣ ገመድ አምጡልኝ ይል ነበር። ከወገቡ ላይ የሚያሥረው ገመድ እንደነበረ እናቴም እኔም አውቀናል። ጎሕ ሲቀድ ዐረፈ።

የአባቴ እኅት ይፋግ ነው የምትኖር። ሄጄ እንዳመጣት እኔን ላኩኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ ከመንገድ ላይ አይነገርም፤ ሰው ከዘመዶቹ መሐል ሆኖ ነው የሚሰማ። ስለዚህ «አባዬን ትንሽ አሞታል፤ ልየሽ ብሏል» አልኳት። ነጠላዋን አንሥታ ተከተለችኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ እሱ ታወራኛለች። በልጅነቱ ከጭቃ ቤት ሲሠራ ከብት ጠፍቶበት እንደተገረፈ ነገረችኝ። «ድልድዩስ? አለቀለት?» አለችኝ። «ፈሰሰ» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁን ከቀበረ ወዲህ እንቅልፍ የለውም ነበር። አሁን ይተኛል» አለች። ፊቴን እንዳታይ ፊት ፊቷ ሄድኩ።

በበጋ ከይፋግ የሚመጣ ሰው ሜዳውን አቋርጦ በላይ በኩል ስለሚገባ ድልድዩን አያይም። ከቤታችን አጠገብ ካለው ከፍታ ላይ ስንወጣ ዳሱ ታየን። አክስቴ ቆመች። ዳሱን እንዳየች ሁሉንም አወቀች፤ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣለችና ጮኸች። ለቀስተኛው ሊቀበላት ወጣ። እኔ ደግሞ ከእሷ ጋር ሆኜ ያን ዳስ ሳየው ስለ አባቴ አልነበረም ያሰብኩት። ባላዎቹ ከጫፋቸው ግራጫና ቀላ ያለ ቅርፊት ይዘው ነበር። ቀርቤ አንዱን በጥፍሬ ላጥኩት። ስሚንቶ ነው፤ ከጣውላው ስንጥቅ እየተንጠባጠበ የደረቀ። አሥሬ ያቆምኩበትን የልጥ ምልክት እንኳ አየሁበት።

የእኅቴ ባል ወራጆቹን ሲያጠብቅ አገኘሁት። ዓይኑ አብጦ ነበር።

«ባላዎቹን ከየት አመጣችኋቸው?» አልኩት።

«ከየት ይመጣሉ? የሰበካው ናቸው።»

«ከሥሩ አውጥታችሁ?»

«ጠንክሯል እኮ። መጀመሪያ በላዩ ሄድኩበት። ዘለልኩበት። ካወጣን በኋላም ስድስት ሆነን ቆመንበት ንቅንቅ አላለም። ሥራው እንዴት ያለ እንደሆነ ሰው ሁሉ አየለት።»

«ቀዩ አለበት። ገና ነው።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ያቦካሁትን እኔን ታስተምረኛለህ? ስሚንቶ በሳምንቱ ደንጊያ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባዬን በፀሐይ ላስለቅሰው? ለሰፈሩ ሁሉ ቤት ሲሠራ ኖሮ፣ እሱ ዳስ ይጣ?»

እውነቱን ነበር። ከሬሳው ፊት ቆሜ ስለ ባላ መናገሬ ለራሴም አሳፈረኝ። ግን እናቴ ሰምታ ነበር። ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ፣ ከል ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች መጣች። ፊቷን ነጭታው ደምቷል።

«ይወድቃል?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እንደምታውቀው ንገረኝ።»

«እንዲሁ ከተተወ ይወድቃል።»

ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ ዳሱ ይፍረስ።»

«ልጄ፣ ሬሳው ከቤት ሳይወጣ?» አሏት። «ሰው ምን ይላል? እንግዳው ሁሉ በፀሐይ ላይ ሊሆን ነው።»

«ይሁን። እሱን እንደሁ ከእንግዲህ ፀሐይ አይገድለውም።»

ቄሱ ራሳቸው ቀድመው አንዱን ባላ ያዙ። ወንዶቹ ዳሱን አፈረሱት። እንጨቱን ተሸክመን በሜዳው ስንወርድ ሴቶቹ ጥላ አጥተው፣ ከግንቦት ፀሐይ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ማንም አላለቀሰም፤ ምን እንደሚለቀስ አልታወቀም።

ስንደርስ ወለሉ አልወደቀም። ግን ጎብጧል፤ እንደ አሮጌ የጠፍር አልጋ መሐሉ ረግቧል። ከሆዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሄደ ስንጥቅ ነበረበት፤ ጣቴን ከተትኩበት። ብረቱ ብቻ ነበር ይዞት የቀረው። ጠዋት የቆሙበትን ስድስቱን ሰዎች ችሏል፤ ቀኑን ሙሉ የራሱን ክብደት መሸከም ግን አልቻለም። የእኅቴ ባል አየውና ከሥሩ ገባ። ትከሻውን ከረገበው ቦታ አስገብቶ ወደ ላይ ገፋ። የአንገቱ ሥሮች ተገታተሩ። ባላዎቹን ከጎኑ እያስገባን በሽብልቅ አጠበቅን። አንዴ ትንሽ የተነሣ መሰለን፤ ወዲያው ስንጥቁ በላይ በኩልም ከፈት አለ።

«ተዉት» አልኩ። «ሲነሣ ይብሳል።»

ሁሉም ወጡ። እሱ ብቻ አልወጣም። ትከሻውን እንዳስገባ ቆሟል።

«ና ውጣ፣ ልጄ» አሉት ቄሱ።

«ይዤዋለሁ» አለ።

«የያዝከው ነገር የለም። ና፤ አባትህን እንቅበር።»

እጁን ይዤ አወጣሁት። ትከሻው ተልጦ ነበር፤ ከቁስሉ ላይ ቀይ ዱቄት ነበረበት።

አባቴን አመሻሽ ላይ ቀበርነው። ባላዎቹ ወለሉን እንደ ደገፉ ስለቀሩ ለቅሶው ያለ ዳስ ተቀመጠ። ሰው ስለዚያ በእኛ ፊት አልተናገረም። የመጀመሪያው የሰኔ ጎርፍ ባላዎቹን ጠርጎ ወሰደና ወለሉ ለሁለት ተከፍሎ ከወንዟ ውስጥ ወደቀ። የሰበካውን ባላ ከይፋግ እየገዛን ቀስ በቀስ ተካን። ክረምቱን ሰው እንደ ወትሮው በታንኳ ተሻገረ። በሐምሌ ከላይኛው መንደር ምጥ የያዛትን አንዲት ሴት ወደዚያው ዳር አመጡ። ታንኳው ቶሎ ደረሰላትና ተሻገረች። እኔም እናቴም ሄደን ቆመን ነበር። የእኅቴ ባል ግን ከቤቱ አልወጣም።

ወንዟ ስትጎድል ብረቱን አውጥቼ ለሌላ ሥራ ላውለው አሰብኩ። ትልቁን መዶሻ ይዤ ወረድኩ። ሁለቱ ስባሪ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ ተኝተው ነበር የከረሙት። ጠርዙን መታሁ። መዶሻው ነጠረብኝ። በሌላ በኩል ሞከርኩ፤ በስንጥቁ አፍ፣ ደካማ መሆን በሚገባው ቦታ። የተነሣው ነጭ ጭረት ብቻ ነው። እስኪደክመኝ መታሁ። ከዚያ ከሱ ላይ ቁጭ አልኩ።

እናቴ ድምፁን ሰምታ መጣች። ከዳሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«አልሰበር አለህ?»

«አልሰበር አለኝ።»

«ጠንክሮ ነው?»

«ከመንገዱ ድልድይ ይጠነክራል። ድጋፉ ጥቂት ቢቆይለት ኖሮ . . .»

«እንግዲያ እሱ አልተሳሳተም» አለች።

«አልተሳሳተም።»

ጎንበስ ብላ ስባሪውን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ውኃው ያለበሰውን አረንጓዴ ነገር ጠረገችለት። ሌላ ነገር ልትናገር ስትል የእኅቴ ባል ከላይ በኩል፣ በሬዎቹን እየነዳ መጣ። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ወደዚያ ቦታ ሲቀርብ ያየሁት ያኔ ነው። ከስቶ ነበር። በሬዎቹን ወደ ውኃው ለቀቃቸውና ከሩቅ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አለኝ። መዶሻውን እያየ ነበር። «ከረመና ጠነከረ እንዴ?»

እናቴን አየኋት። እሷም አየችኝ። ጠንክሯል ካልኩት ቀሪ ዘመኑን ሁሉ ከዚያ ወለል ሥር ትከሻውን አስገብቶ እንደሚኖር አውቄአለሁ።

«የለም» አልኩት። «ብረቱን ላውጣ ብዬ ነው። ብስብስ ነው፤ ይፈረካከሳል።»

ትንፋሹን ሲለቅ ከተቀመጥኩበት ሰማሁት።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ያ ቀይ ነገር ነው። አባዬ ሁሉን ያውቅ ነበር፤ በዚያ በአንዱ ግን ተሳሳተ። ጡብ እንዴት ስሚንቶ ይሆናል? ባላው ቢኖርም ባይኖርም የሚወድቅ ነበር። አይደለም እንዴ፣ እትዬ?»

እናቴ እጇን ከስባሪው ላይ አላነሣችም።

«ዱቄቱ ነው፣ ልጄ» አለች። «እሱ ነው ያበላሸው።»

በሬዎቹ ጠጥተው እስኪጨርሱ ሦስታችንም እዚያው ቆየን። በዚያው ሳምንት ወሬው መንደሩን አዳረሰ፤ ግንበኛው ስሚንቶ ቆጥቦ ጡብ ቢጨምርበት ድልድዩ ፈረሰ ተባለ። እስከ ዛሬም እንደዚያ ነው የሚባለው። ከእናቴና ከእኔ በቀር ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ሰው ሲያነሣው እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን እንሰማለን።